ሁለቴ የሚያስል አቂል አይሆንም

(የመን፣ ተራራ ጫፍ ላይ የተደረደረ መንደር። የሙቅቢል ቤት የላይኛው ክፍል። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። በአንድ በኩል በቅርቡ ግድግዳው ተሰብሮ የተከፈተ ሰፊ መስኮት አለ፤ ከላዩ ባለቀለም መስታወት፣ ከታቹ ሁለት መዝጊያ። ሙቅቢል፣ ቤተሰቡ የጃቢር አባት የሚለው፣ መስኮቱ ስር ትራስ በትራስ ላይ ደራርቦ ተቀምጧል። የሚስቱ ወንድም ሂዛም በሩ አጠገብ ተቀምጦ በአበባማ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ ይዟል። የመንደሩ አቂል፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ሲናገር የሚደመጠው ሽማግሌ፣ በቅርቡ ሞቷል። ማን እንደሚተካው ለመንደሩ ገና አልተነገረም። ሙቅቢል ግን ራሱ የሚሾም ይመስለዋል።)

ሙቅቢል፦ እንደሱ አይደለም አልኩህ! አቂል ሰው ቤት በር ላይ ደርሶ ሲያስል አንዴ ነው የሚያስለው። እህ! በቃ። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ብድግ ይላል።

ሂዛም፦ አባቴ ሦስቴ ነበር የሚያስለው።

ሙቅቢል፦ አባትህ በምን ሞተ?

ሂዛም፦ በሳል።

ሙቅቢል፦ አየህ! አንዴ ያሳለ ሽማግሌ ነው። ሁለቴ የሚያስል በሽተኛ ነው። ሦስቴ ካሳለ ልጆቹ ርስቱን መከፋፈል ይጀምሩ።

ሂዛም፦ አራቴስ?

ሙቅቢል፦ አራቴ ፍየል ነው። በል አንተ ሞክረው።

ሂዛም፦ እኔ ምን ልሁን ብዬ? የመጣሁት እኮ አንድ ነገር ልነግርህ...

ሙቅቢል፦ ሞክረው!

ሂዛም፦ እህ... እህ።

ሙቅቢል፦ ሁለቴ!

ሂዛም፦ የመጀመሪያው አልወጣ ብሎኝ ነው።

(ከበሩ ጀርባ የሴት ሳል ይሰማል። ይደጋግማል።)

ሙቅቢል፦ (ወደ በሩ) አምጪው በቃ ሻዩን! (ወደ ሂዛም) እህትህ ከጠዋት ጀምራ ታስላለች። ብርድ መቷት ይሆናል።

ሂዛም፦ ብርድ እንኳን አይመስለኝም።

(በሩ ገርበብ ይላል። አንድ የሴት እጅ የሻይ ትሪ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይመለሳል። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሙቅቢል ትሪውን እንጂ እጁን አላየም።)

ሙቅቢል፦ ቅዳ። ጭንህ ላይ ያቀፍከው ምንድን ነው? ማር ነው?

ሂዛም፦ አይደለም። አደራ ነው።

ሙቅቢል፦ የማር አደራ?

ሂዛም፦ የሰው አደራ። እሱንም ልነግርህ ነው። ሽማግሌዎቹ መስጊዱ በር ላይ ተሰብስበው ነበር። እኔን ጠሩኝና...

ሙቅቢል፦ (እጁን አንስቶ) ቁም! እዚያው ጋ ቁም። ልከውሃል።

ሂዛም፦ አዎ፣ ልከውኛል።

ሙቅቢል፦ ወደ እኔ።

ሂዛም፦ ወደ አንተ።

ሙቅቢል፦ በአቂልነቱ ነገር።

ሂዛም፦ እሱም አለበት። ግን...

ሙቅቢል፦ ጨርሰሃል። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ። ሂድና እምቢ ብሏል በላቸው።

ሂዛም፦ ምኑን ነው እምቢ ያልከው?

ሙቅቢል፦ አቂልነቱን ነዋ! ሦስቴ እምቢ ማለት ደንብ ነው። መጀመሪያ "ከእኔ የተሻለ ሰው አለ" እላለሁ። ቀጥሎ "ጉልበቴን ያመኛል" እላለሁ። በሦስተኛው ዓይኔን እንባ እንባ ይለዋል፤ ዝም እላለሁ። ያኔ እየጎተቱ ይወስዱኛል።

ሂዛም፦ በመጀመሪያው እሺ ቢሉህስ?

ሙቅቢል፦ ምን እሺ?

ሂዛም፦ "ከእኔ የተሻለ ሰው አለ" ስትላቸው "እውነትህን ነው" ቢሉህስ?

(ሙቅቢል ሻዩን ይጎነጫል። ያቃጥለዋል። እንዳላቃጠለው ይሆናል።)

ሙቅቢል፦ የሚስቴ ወንድም ባትሆን ኖሮ በዚህ መስኮት ነበር የምወረውርህ።

ሂዛም፦ በዚህኛው?

ሙቅቢል፦ በዚህኛው። ሰፊ ነው፣ አትጋጭም። (መስኮቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ) አየኸው አይደል? እዚህ ተቀምጬ ሸለቆውን አያለሁ። የመኪናውን መንገድ አያለሁ። የማን ጣሪያ ላይ ምን እንደተሰጣ አያለሁ። ጓደኞቼ መጥተው ጫት ስንቅም ነፋሱ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። አቂል የሚሆን ሰው ሁሉን ማየት አለበት።

ሂዛም፦ የአክስት ተቅያን ጣሪያም ታያለህ?

ሙቅቢል፦ እሱ ማየትም አይባል፣ እዚሁ ከስሬ ነው። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ግን ምን አለበት? ባዶ ነው። ድሮ ይሄን ጊዜ ወይኗን ታሰጣበት ነበር። ዘንድሮ ሰነፈች መሰለኝ። እርጅና ነው።

ሂዛም፦ ወይኗ ተለቅሟል እኮ። ቅርጫት ውስጥ ሆኖ መሽተት ጀምሯል።

ሙቅቢል፦ ታዲያ ወጥታ አታሰጣውም? ማን ከለከላት?

(ከበሩ ጀርባ ሳል። ይደጋግማል።)

ሂዛም፦ የጃቢር አባት፣ እንግዲህ ስማኝ። ሽማግሌዎቹ...

ሙቅቢል፦ ሰምቼሃለሁ። እኔን የሚሰማኝ ነው ያጣሁት። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዕድሜዬን ሙሉ እኔ አፌን ስከፍት ሰው ጫማውን ይፈልጋል። ሠርግ ላይ ልናገር ስነሳ ሩዙ ይቀርባል። ለቅሶ ላይ ልናገር ስል የሟች ልጅ ጮሆ ማልቀስ ይጀምራል። አቂሉ ግን፣ አላህ ይማረው፣ ጉሮሮውን ጠረግ ሲያደርግ ዶሮ እንኳን ዝም ትል ነበር። እኔም አንድ ቀን እንደዚያ መደመጥ አምሮኛል። ነውር ነው?

ሂዛም፦ ነውር የለውም።

ሙቅቢል፦ በል ተናገር። ምን አሉ?

ሂዛም፦ አንድ ጸብ አለ አሉ። ሙቅቢል ይፍረደው አሉ።

ሙቅቢል፦ (ከትራሱ ዘሎ ይነሳና እንደገና በክብር ይቀመጣል) ሊፈትኑኝ ነው! ከመሾማቸው በፊት ሊፈትኑኝ! የማንና የማን ጸብ ነው? አይ፣ ስም አትንገረኝ። ዳኛ ስም ከሰማ ዓይኑ ያዳላል።

ሂዛም፦ እነሱም ስም አትጥራ ብለውኛል። በምሳሌ ንገረው አሉኝ።

ሙቅቢል፦ በምሳሌ! ወላሂ እነዚህ ሰዎች ያውቁኛል። ቆይ ግን። ያለ ጩቤ ፍርድ የለም። የተጣሉት ጩቤያቸውን ከወገባቸው ፈተው አስይዘዋል?

ሂዛም፦ ከሳሽ አስይዟል። (ጭኑ ላይ ያለውን ጥቅል ይነካል) ይኸው።

ሙቅቢል፦ ማር አይደለም ታዲያ።

ሂዛም፦ ማር አይደለም።

ሙቅቢል፦ ተከሳሹስ?

ሂዛም፦ እሱ ገና ነው። እንዴት ብዬ እንደምጠይቀው ጨነቀኝ።

ሙቅቢል፦ ምን ያስጨንቃል? ጩቤውን ያላስያዘ ሰው ፍርዱን ማን በግድ ያስውጠዋል? ያስያዘ ሰው ግን ፍርዱን እስኪፈጽም ባዶ አፎት ታጥቆ ነው የሚዞረው። በባዶ አፎት ገበያ መውጣት ደግሞ ያለ ሱሪ እንደመውጣት ነው።

ሂዛም፦ እኛ ሱሪ መቼ እንለብሳለን? ሽርጥ አይደል የምናገለድመው?

ሙቅቢል፦ ምሳሌ ነው!

ሂዛም፦ አይ፣ ምሳሌ ለእኔ አይሆነኝም።

ሙቅቢል፦ ሂድና አምጣ በለው ሰውየውን።

ሂዛም፦ ፈራሁት። ብዙ ያወራል።

ሙቅቢል፦ እንዲህ ዓይነት ሰው አልወድም!

ሂዛም፦ አንድ ቃል ስትጀምርለት እሱ ይጨርስልሃል። የጨረሰው ደግሞ አንተ የጀመርከውን አይደለም።

ሙቅቢል፦ አውቀዋለሁ እንዲህ ያለውን! "አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" አሉ። አትፍራው። ዓይን ዓይኑን እያየህ እጅህን ትዘረጋለህ፣ እሱ ይሰጥሃል፣ በቃ።

ሂዛም፦ እንዴት አድርጎ ነው የሚሰጠኝ? አንድ ጊዜ አሳየኝ። አንተ ተከሳሹን ሁን።

ሙቅቢል፦ እኔ ተከሳሽ?

ሂዛም፦ ለማሳየት ያህል። ካላየሁ አይገባኝም፤ ታውቀኝ የለ።

ሙቅቢል፦ (እየተነፈሰ ይነሳል) አይ አላህ፣ የሰጠኸኝ አማች! ተመልከት። ቀበቶህን ትፈታለህ። እንዲህ። ጩቤውን ከነአፎቱ አይደለም፣ ጩቤውን ብቻ ትመዛለህ። በሁለት መዳፍ ላይ ታጋድመዋለህ። እጀታው ወደ ተቀባዩ። ይሄ እጀታ ደግሞ የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ የአያቴ ነው፤ አያቴ ሲተኛ እንኳን አይፈታውም ነበር። አያቴ አንድ ጊዜ...

ሂዛም፦ ምን ብሎ ነው የሚሰጠው?

ሙቅቢል፦ አቋረጥከኝ። ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፤ ድምፅህን ከፍ ታደርጋለህ። "ይኸው ጩቤዬ! የሚፈረደውን ገና ሳልሰማው ተቀብዬዋለሁ! ቢመረኝም እውጠዋለሁ!"

(ሂዛም በሁለት እጁ ይቀበላል። ከራሱ ጩቤ ጎን ወገቡ ላይ ይሽጠዋል።)

ሙቅቢል፦ እንደሱ። ጎበዝ። ተማርክ። በል መልስልኝ።

ሂዛም፦ ከፍርዱ በፊት ይመለሳል እንዴ?

ሙቅቢል፦ በጭራሽ!

ሂዛም፦ ለማሳየት ብቻ ቢሆንስ?

ሙቅቢል፦ ምንም ቢሆን!

ሂዛም፦ በቀልድስ?

ሙቅቢል፦ አንተ፣ ሃይማኖትህንም አታውቅም? ጋብቻና ፍቺ በቀልድ አለ? በቀልድ "ፈትቼሻለሁ" ያለ ሰው ማታ ከማን ጋር ያድራል? ይሄም እንደዚያው ነው። ቃሉ ከአፍ ከወጣ፣ ጩቤው ከእጅ ከወጣ፣ አለቀ።

ሂዛም፦ እንግዲያው ይቆይ?

ሙቅቢል፦ (ባዶ አፎቱን ዳሰስ ያደርጋል፤ ጥቂት ቅር ይለዋል) ይቆይ... ይቆይ! ደንብ ደንብ ነው። ቶሎ ልፍረድና እወስደዋለሁ። ምሳሌውን ንገረኝ።

ሂዛም፦ እሺ። ቢስሚላህ። አንድ ሰው ግመል አለው።

ሙቅቢል፦ እዚህ ተራራ ላይ? ግመል ደረጃ ይወጣል?

ሂዛም፦ ግመል በል አሉኝ።

ሙቅቢል፦ ቀጥል።

ሂዛም፦ ግመሉን አምጥቶ የጎረቤቱ ግንብ ጥግ አቆመው። አንገቱ ረጅም ነው፤ በግንቡ አልፎ የጎረቤቱን ግቢ ያያል። ጎረቤቱ ደግሞ ሴት ናት። ብቻዋን ናት። ግመሉ ስለሚያያት ወደ ግቢዋ መውጣት ተወች።

ሙቅቢል፦ ግመል አፍራ?

ሂዛም፦ አዎ።

ሙቅቢል፦ ግመል ምን ያውቃል?

ሂዛም፦ ይሄኛው ብዙ አውቃለሁ ነው የሚለው።

ሙቅቢል፦ ማን?

ሂዛም፦ ግመሉ።

ሙቅቢል፦ ያወራል?

ሂዛም፦ ኧረ አያቆምም!

ሙቅቢል፦ (ጣሪያውን እያየ) አላህ ሆይ፣ ትዕግስት ስጠኝ። መቼ መቼ ነው የሚያያት?

ሂዛም፦ ከቀትር በኋላ። ጫት ሲቅም።

ሙቅቢል፦ ሲያመነዥክ በል! ግመል ያመነዥካል እንጂ አይቅምም።

ሂዛም፦ እሺ፣ ሲያመነዥክ። ከጓደኞቹ ጋር።

ሙቅቢል፦ አንድ ግመል አይደለም እንዴ ያልከው?

ሂዛም፦ ዋናው አንድ ነው። ሌሎቹ እንግዶች ናቸው። ትራስ ተደግፈው...

ሙቅቢል፦ ግመሎች! ትራስ ተደግፈው!

ሂዛም፦ ሣር ማለቴ ነው። የሣር... ትራስ።

ሙቅቢል፦ ከፊታቸውስ ምን አለ? ምንጣፍ?

ሂዛም፦ ከፊታቸውማ መስታወት ነው። ከላይ በኩል ቀይና አረንጓዴ። ከታች በኩል የሚከፈት ሁለት ክንፍ አለው።

ሙቅቢል፦ ግመሉ?

ሂዛም፦ ግመሉ።

(ሙቅቢል አፉን ይዞ ይስቃል። ትራሱ ላይ ይወድቃል። ከበሩ ጀርባም ሳል ይመስል የነበረው ነገር ሳቅ ይመስላል።)

ሙቅቢል፦ ክንፍ ያለው፣ መስታወት ያለው፣ ጫት የሚቅም፣ የሚያወራ ግመል! ቆይ... ቆይ... ገባኝ። ገባኝ ሂዛም!

ሂዛም፦ (ደንግጦ) ገባህ?

ሙቅቢል፦ ገባኝ! እነሱ ምሳሌውን አሳምረው ነግረውሃል፤ አንተ መንገድ ላይ አበላሸኸው! አንተ እኮ እንቁላል ቢልኩብህ ቂጣ ይዘህ የምትደርስ ሰው ነህ።

ሂዛም፦ (ተንፍሶ) አልሐምዱሊላህ።

ሙቅቢል፦ ግድ የለም፣ እኔ አጠራዋለሁ። ክንፉን ጣለው። መስታወቱን ጣለው። እንግዶቹን ወደየቤታቸው ስደዳቸው። ምን ቀረ? ግመል፣ ግንብ፣ ሴትዮ። አሁን እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ሴትዮዋ ምን ተጎዳች?

ሂዛም፦ ፀሐይ ያለው እዚያ ግቢ ብቻ ነው። ዘቢቧን የምታደርቀው... እህሏን ማለቴ ነው፣ እህሏን የምታደርቀው እዚያ ነው። ዓመቱን የምትኖረው በሱ ነው። አሁን ቤት ውስጥ ተከምሮ እየበሰበሰባት ነው። ጉልበቷንም ያማታል፤ ፀሐይ ካልመታው አይታዘዛትም።

ሙቅቢል፦ (ሳቁ ይጠፋል) ባል የላትም?

ሂዛም፦ ሞቷል።

ሙቅቢል፦ ወንድ ልጅስ?

ሂዛም፦ ሳዑዲ ነው። ከደወለ ቆይቷል።

ሙቅቢል፦ ለባለግመሉ ነግራዋለች?

ሂዛም፦ ልትነግረው ቤቱ ሄዳ ነበር። ሻይ አጠጣት። ስለ አንገት ርዝመት ሲያወራላት፣ ነፋስ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሲያወራላት ቆየና እስከ በሩ ሸኛት። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ቀዳዳ አላገኘችም።

ሙቅቢል፦ ያ ውሻ!

ሂዛም፦ ኧረ ክፉ ሰው እንኳን አይደለም።

ሙቅቢል፦ ዝም በል! አትከራከርለት! (ይነሳል፤ እየተንጎራደደ) ባል የሌላትን ሴት፣ ጉልበቷ የታመመን ሴት፣ ከገዛ ግቢዋ ማስወጣት! እኛ መንደር ውስጥ! ሰው እንጀራውን በገዛ ግቢው ውስጥ ፈርቶ ሊያጣ! ማን ይሆን? የታችኛው ሰፈር ሰው መሆን አለበት። ስሙን አትንገረኝ!

ሂዛም፦ አልነግርህም።

ሙቅቢል፦ "ግመል ሰርቆ አጎንብሶ" ይላሉ። ይሄ ደግሞ ግመሉን አቁሞ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል! በል ስማ፣ ፈርጃለሁ። ግንቡ ከግመሉ ዓይን በላይ እስኪሆን ድረስ በድንጋይና በጭቃ ይነሳ።

ሂዛም፦ ከግመሉ ዓይን በላይ። ሲቆም ነው ሲቀመጥ?

ሙቅቢል፦ ሲቆም! ሰው አይደለም እንዴ፣ ሊቆምም ይችላል... ግመል ማለቴ ነው። አሳሳትከኝ! ደግሞም ሠራተኛ ቀጥሮ አይደለም። በገዛ እጁ! ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ ሲገባ ነው ልብ የሚገዛው።

ሂዛም፦ መቼ?

ሙቅቢል፦ ዛሬውኑ። ፀሐይ ሳትጠልቅ።

(ከበሩ ጀርባ ሳሉ ይበረታል።)

ሙቅቢል፦ (ወደ በሩ) ማር በሎሚ ጠጪ! (ወደ ሂዛም) ለበደሏ ደግሞ በሯ ላይ አርዶ ይቅርታ ይጠይቃት።

ሂዛም፦ በግ?

ሙቅቢል፦ በግ ለልጆች ጸብ ነው። በሬ!

ሂዛም፦ በግ አይበቃም የጃቢር አባት? ሰውየው ያለው አንድ በሬ ነው።

ሙቅቢል፦ እሱን ይረደዋ!

ሂዛም፦ ያርስበታል እኮ።

ሙቅቢል፦ ግመሉን ይጥመድ!

ሂዛም፦ በኋላ እንዳይቆጭህ ብዬ ነው።

ሙቅቢል፦ እኔን ምን ይቆጨኛል? የእኔ በሬ ነው? ሂድና "ሙቅቢል በሬ ፈረደ" በላቸው። በግ የሚፈርድ አቂል ሁሉም መንደር አለው።

ሂዛም፦ ይኸው ነው? አይለወጥም?

ሙቅቢል፦ ቃሉን የሚለውጥ አቂል ጺሙን ይላጭ።

(ሂዛም ጭኑ ላይ ያለውን ሻሽ ቀስ ብሎ ይፈታል። አጭር አሮጌ ጩቤ ይወጣል። አፎቱ ላይ ያለው ብር ጠቁሯል። መሬት ላይ ያስቀምጠዋል።)

ሙቅቢል፦ ይሄንን ጩቤ አውቀዋለሁ። የሙርሺድ አይደለም እንዴ? የተቅያ ባል፣ አላህ ይማረው። እሱ ከሞተ ጀምሮ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ አልነበረም?

ሂዛም፦ ዛሬ ጠዋት አወረደችው። የምታስይዘው ሌላ ጩቤ የላትም።

ሙቅቢል፦ ተቅያ ናት ከሳሿ? ተቅያ ባለግመል ጎረቤት አላት እንዴ? በላይ በኩል መስጊዱ ነው። በታች በኩል ገደል ነው። በዚህ በኩል...

(ያቆማል።)

ሙቅቢል፦ በዚህ በኩል እኔ ነኝ።

ሂዛም፦ አዎ።

ሙቅቢል፦ እኔ ግመል የለኝም።

ሂዛም፦ የለህም።

(ሙቅቢል ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ፀሐይዋ በባለቀለሙ መስታወት አልፋ ግማሽ ፊቱን ቀይ፣ ግማሹን አረንጓዴ አድርጋዋለች።)

ሙቅቢል፦ ክንፍ ያለው።

ሂዛም፦ መዝጊያው ነው። መዝጊያ ብል የምትነቃ መሰለኝ።

ሙቅቢል፦ አታለልከኝ! በቀልድ ነው የሰጠሁህ! ለማሳየት ነው! ጩቤዬን መልስ!

ሂዛም፦ ፍርዱ ሲፈጸም ይመለሳል። በቀልድም ቢሆን ያልከው አንተ ነህ። የማታውን ሳይቀር ጠቅሰህ።

ሙቅቢል፦ ለመሆኑ አንተ ማን ነህና ነው የሰው ጩቤ የምትይዘው? ጩቤ የሚይዝ አቂል ነው!

ሂዛም፦ እሱን ልነግርህ ነበር እኮ የመጣሁት።

ሙቅቢል፦ ምኑን?

ሂዛም፦ አድርገውኛል።

ሙቅቢል፦ ማንን?

ሂዛም፦ እኔን።

(ሙቅቢል ይቀመጣል። ትራሱ የነበረበት ቦታ መስሎት ነበር፤ መሬቱ ላይ ነው።)

ሂዛም፦ ሦስቴ እምቢ አልኳቸው። እኔ የእውነቴን ነበር። ልደግም ስል ተቆጡኝ።

ሙቅቢል፦ አንተን! ምንህን አይተው?

ሂዛም፦ እኔም እሱን ጠየቅኳቸው። "ሰው ሲያወራ ዝም ብለህ ትሰማለህ" አሉኝ። "የምለውን ስለማጣ ነው እንጂ" አልኳቸው። "እሱም ይበቃናል" አሉ። የመጀመሪያው ጉዳይ አንተ መሆንህን ስሰማ ደግሞ ልሸሽ ተነሳሁ። የእህቴ ባል ነህ። ሁሉን ታውቃለህ። እኔ ባንተ ላይ ምን ብዬ እፈርዳለሁ? "እንግዲያው ራሱ ይፍረደው፣ በምሳሌ ንገረው" አሉኝ።

ሙቅቢል፦ አንተ በምሳሌ!

ሂዛም፦ አልችልም አልኳቸው እኮ። አበላሸዋለሁ፣ ገና በግመሉ ይነቃብኛል አልኩ። ሳቁ። "እንደፈለግህ አበላሸው፤ እሱ እንደሆነ አይሰማህም" አሉኝ።

(ሙቅቢል ሻዩን ያነሳል፤ ሳይጎነጭ መልሶ ያስቀምጠዋል።)

ሙቅቢል፦ ሻይ ሳጠጣት አንዲት ቃል አልተናገረችም አልክ?

ሂዛም፦ አንዲት ቃል።

ሙቅቢል፦ እኔ እኮ ዝም ስትል በጣም ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። "ተቅያ ትሰማለች" እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። (ባዶ አፎቱን ይዳስሳል) መስኮቱ በግንብ ከተደፈነ... ነፋሱስ?

ሂዛም፦ ባለቀለሙ የላይኛው ይቀርልሃል። ከዓይን በላይ ነው ያልከው። ሰማዩን ታያለህ።

ሙቅቢል፦ ሰማይ ላይ ምን አለ?

ሂዛም፦ ወይን የሚያሰጣ የለም።

ሙቅቢል፦ (የመስኮቱን መዝጊያ አንዱን ይዘጋል፤ ሌላውን ይዘጋል) ቃሌን አልለውጥም። በግ የሚፈርድ አቂል ሁሉም መንደር አለው... በሬዬ! ቀዩ በሬዬ! በግ አይበቃም ወይ ስትለኝ ምናለ እሺ ባልኩህ!

ሂዛም፦ አክስት ተቅያ በሬውን ይቅር ብላሃለች።

ሙቅቢል፦ መቼ? የፈረድኩት አሁን!

ሂዛም፦ ጠዋት፣ ጩቤውን ስትሰጠኝ። "ሙቅቢል በሬ ይፈርዳል፤ ትልቅ ነገር ይወዳል። በሬውን ትቼልሃለሁ በለው፣ እኔ ጥርስ የለኝም። ጣሪያዬን ብቻ ይመልስልኝ" አለችኝ።

(በሩ ይከፈታል። ያው እጅ አሁን የሚገፋው ትሪ አይደለም፤ እስከ አፉ የሞላ የጭቃ ባልዲ ነው። ባልዲው ላይ የግንበኛ ማንኪያ ተሰክቷል። እጁ ይመለሳል፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ይቀራል።)

ሙቅቢል፦ ይሄ ጭቃ መቼ ነው የተቦካው?

ሂዛም፦ ከጠዋት ጀምሮ። ድንጋዩንም እህቴ ደረጃው ላይ ደርድራዋለች። ፍርዱ ስለዘገየባት ውሃ እየጨመረች ነው ያቆየችው።

ሙቅቢል፦ ሳሉስ? በሽተኛ ናት ብዬ ማር ጠጪ የምላት?

ሂዛም፦ ምን በሽታ አላት! ቶሎ ፍረድ ማለቷ ነው። ጭቃው እየደረቀባት እኮ ነው የጃቢር አባት።

ሙቅቢል፦ ቢሆንስ! ሽማግሌ ፊት፣ ፍርድ ላይ፣ እንደዚያ እየደጋገሙ ማሳል ምን ይባላል? ነግሬሃለሁ፤ ሁለቴ የሚያስል ሰው መቼም አቂል...

(ከበሩ ጀርባ ሳል ይሰማል። አንዴ ብቻ። ሁለቱም ብድግ ይላሉ።)